የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር በቨርጂኒያ

(አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መልስ፣ በዚህ ሁሉ ትራፊክ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በአንድ ስም ልጀምር። በ1775 መጨረሻ ላይ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ጦር ተቋቁሞ ነበር። ስሙ «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ይባላል። አልተሳሳታችሁም፣ የኢትዮጵያ ነው ያልኩት። ወታደሮቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሰው ንብረት ተብለው የትምባሆ ማሳ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የጊዜው ጋዜጦች እንደጻፉት ደረታቸው ላይ «ነፃነት ለባሪያዎች» የሚል ጽሑፍ ነበር። የተሰለፉት ግን ከጆርጅ ዋሽንግተን ጎን አልነበረም። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ነበር።

መጀመሪያ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእኛ ሰዎች እዚህ ምን ያደርጋሉ? አልኩ። በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን ፈረንጆች ጥቁር ሰውን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይሉ ነበር። ቃሉን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ቅዱስና ከድሮ የግሪክ መጻሕፍት ነው። የእነዚያ ወታደሮች አባቶችና እናቶች በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው። በእነዚያው ዓመታት እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ጀምሮ ነበር። ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የነበረውን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። የዚህን ጦር ስም ያወጣው የቨርጂኒያ አገረ ገዥም ስኮትላንዳዊ ነው። ከዚያ ያለፈ ዝምድና የለንም። ግን ስማችንን የያዙ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ማታ የመጣሁት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «ባሪያ» የሚለውን ቃል ዛሬ ደጋግሜ እጠራዋለሁ። በእኛም አገር ሰው ያቆሰለ፣ አሁንም የሚያቆስል ቃል ነው። ባርነት ኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ የታገደው በ1942 ነው፣ ሩቅ አይደለም። ቃሉን የምጠራው ሰዎቹ በዚያ ስም ስለተሸጡና ስለተመዘገቡ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠቡ ልግባ። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለምን ተጣሉ?

በ1763 ብትጠይቋቸው ኖሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ ቅኝ ግዛት ነዋሪዎች «እኛ እንግሊዞች ነን» ይሏችሁ ነበር። በኩራት ነው የሚሉት። ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ረጅም ጦርነት አልቆ ነበር። ካናዳ የእንግሊዝ ሆናለች። ቦስተን ላይ ለንጉሡ ጤና ጽዋ ይነሳ ነበር። ነገር ግን ጦርነት ሒሳብ አለው። የእንግሊዝ የመንግሥት ዕዳ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 10,000 ያህል ወታደር ለማስቀመጥ ተወስኗል። ለንደን ያሉት ሰዎች ያሰቡት ቀላል ነው። የሚጠበቁት እነሱ ናቸው፣ ከወጪው ትንሽ ይክፈሉ።

በ1765 የቴምብር ሕግ ወጣ። እኛ ቴምብር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ውል ስትዋዋል፣ ማመልከቻ ስታስገባ ትለጥፋለህ። ያኛውም እንደዚያው ነበር። ውል፣ ኑዛዜ፣ ጋዜጣ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ካርታ መጫወቻ ሳይቀር ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ካልሆነ አይሆንም ተባለ። ገንዘቡ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ያለው ሰው የሚከፍለው ግብር ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን አበደ? ቨርጂኒያ ከ1619 ጀምሮ የራሷ የሕዝብ እንደራሴዎች ጉባኤ ነበራት። ግብር የሚጣለው እዚያ ተመክሮበት ነው። ለንደን ባለው ፓርላማ ግን አንድም የቨርጂኒያ ወይም የቦስተን ተወካይ አልነበረም። «እኛ ሳንጠየቅ ማን ኪሳችን ውስጥ እጁን ይሰዳል?» አሉ። ቴምብር ሻጮቹን እያስፈራሩ ሥራቸውን አስለቀቋቸው። የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም አሉ። በመጋቢት 1766 ፓርላማው ሕጉን ሻረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉዳዩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ጠቡ እዚህ ባለቀ ነበር። ግን ፓርላማው የቴምብሩን ሕግ በሻረበት በዚያው ቀን ሌላ ሕግ አጸደቀ። ቅኝ ግዛቶቹን በማንኛውም ጉዳይ የሚያስገድድ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለን ይላል። ገንዘቡን መለሱ፣ ሥልጣኑን ያዙ። ሰው ቤት ውስጥም እንደዚህ ሲጣላ አይታችሁ ይሆናል። «ብሩን ውሰደው፣ ግን በዚህ ቤት የማዝዘው እኔ ነኝ» እንደማለት ነው። እንደዚህ ያለ ጠብ ቶሎ አይበርድም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቶሎ ልለፈው። በ1767 በመስታወት፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ተጣለ። ወታደር ቦስተን ገባ። መጋቢት 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አታክስ ነበር፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዝርያ ያለው መርከበኛ። ወታደሮቹን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከላከለላቸው ደግሞ ጆን አዳምስ ነው፣ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው። ይህን ሰው ለዚህ ሥራው አከብረዋለሁ። ከተማው ሁሉ በተቆጣበት ሰዓት ነው ያደረገው።

ሻዩን ግን አላልፈውም፣ ብዙ ሰው በስህተት ስለሚያውቀው። በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ ሻይ አላስወደደም። አረከሰው እንጂ! የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጋዘኑ ሞልቶ ሊከስር ደርሶ ነበር። ሻዩን በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በኮንትሮባንድ ከሚገባው የሆላንድ ሻይ እንኳ የሚረክስ ሆነ። ግን በእያንዳንዱ ፓውንድ ክብደት ሻይ ላይ የ3 ፔንስ ቀረጥ ነበረበት። ያንን ሻይ የጠጣ ሰው ቀረጡን ተቀበለ ማለት ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 16 ቀን 1773 ማታ ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ገባ። ርካሽ ሻይ ነው የደፉት። የሚከራከሩት ስለ ዋጋ እንዳልነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ለንደን ቀጣች። የቦስተን ወደብ ከሰኔ 1 ቀን 1774 ጀምሮ ተዘጋ። ከተማው የሚኖረው በወደቡ ነው። ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች «ነገ በእኛ ነው» ብለው ተነሱ። ቤተሰብም ተሰነጠቀ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከአመፀኞቹ ጋር ሲቆም፣ ልጁ ዊሊያም የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ሆኖ ለንጉሡ ታመነ፣ ታሰረም። አባትና ልጅ እንደ ድሮው ሳይሆኑ ነው የተለያዩት።

አሁን ወደ እኛ ከተማ እንምጣ። ሐምሌ 18 ቀን 1774 እዚሁ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ሰብሳቢው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። የአካባቢው ሰዎች የእንግሊዝ ዕቃ እንዳይገባ ወሰኑ። በውሳኔያቸው ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድም አለ። «ክፉ፣ ጨካኝና ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ» ንግድ ብለውታል። ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ ጽፈውታል። ግን ከአንድ ወር በኋላ ዋሽንግተን ለጎረቤቱ ደብዳቤ ላከ። መብታችንን ካላስከበርን፣ አለ፣ እኛ እንዳሻን እንደምንገዛቸው ጥቁሮች የተዋረድን ባሪያዎች እንሆናለን።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሰውዬው ባርነት ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። እያየው ነው የሚኖረው። ለዚህም ነው ለራሱ የፈራው። በዚያ ዘመን በየመሸታ ቤቱ፣ በየጉባኤው፣ በየምሳ ጠረጴዛው ላይ «ነፃነት» ይባል ነበር፣ «ባርነት አንቀበልም» ይባል ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከአምስት ሰው ሁለቱ ባሪያ ነው። ምሳውን የሚያቀርበው፣ ወይኑን የሚቀዳው፣ ፈረሱን ይዞ ደጅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ገበታ የሚያቀርብ ሰው ጆሮ አለው። ሰማ። ቃሉንም ከተናጋሪዎቹ በላይ ከልቡ ወሰደው።

እኔ ዛሬ ለማለት የመጣሁት ይህንን ነው። በዚያ ጠብ ውስጥ «ነፃነት» የሚለውን ቃል አንድም ነገር ሳይቀንሱለት የሰሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሎርድ ዳንሞር በሚያዝያ 1775 ማታ ከዊሊያምስበርግ ግምጃ ቤት ባሩድ አስወጣ። ሕዝቡ ተነሳበት። በሰኔ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጦር መርከብ ሸሸ። አሁን አገረ ገዥ ነው፣ ግን የሚገዛው አገር የለውም። ወታደርም የለውም። ኅዳር 7 ቀን 1775 ከኖርፎክ አጠገብ መርከብ ላይ ሆኖ አንድ ዐዋጅ ፈረመ። የአመፀኞቹ ባሪያ የሆነ፣ መሣሪያ መያዝ የሚችልና ወደ ንጉሡ ጦር የሚመጣ ሁሉ ነፃ ነው አለ።

ዳንሞር ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ዐዋጁ የአመፀኛ ባሪያን እንጂ ለንጉሡ የታመነ ጌታ ባሪያን አይነካም። መሣሪያ መያዝ የማይችሉትን ሴቶችና ሕፃናት አይጠራም። ጠላቱን የሚመታበት ዱላ ፈልጎ ነው። ይህን ሰዎቹ አላወቁም ብለን እንዳንሳሳት። ያውቃሉ። በር ሲከፈት ግን የከፋቹን ጠባይ መርምሮ የሚገባ እስረኛ የለም።

መጡ። በሌሊት፣ በትንንሽ ጀልባ፣ በወንዙ አድርገው መጡ። ያልተጠሩት ሴቶችም ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 300 ያህል ወንዶች ታጠቁ። በጠቅላላው 800 ገደማ ሳይደርሱ አልቀረም። «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» የተባሉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ደቡብ ላይ ማውንት ቬርነን አለ፣ ከዚህ አዳራሽ በመኪና 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። የዋሽንግተን ርስት ነው። እሱ ያኔ ቦስተን ዘምቷል። ቤቱን የሚጠብቅለት ዘመዱ ለንድ ዋሽንግተን በታኅሣሥ 1775 ጻፈለት። ማምለጥ እንደሚችል ቢያምን ኖሮ ከመካከላቸው ጥሎን የማይሄድ አንድ ሰው አይገኝም፣ አለው። ቀጥሎም ሦስት ቃል ጨመረ፦ «ነፃነት ጣፋጭ ነው።» ዋሽንግተን በበኩሉ ዳንሞርን የሰውን ልጅ መብት የከዳ ዋና ከሐዲ አለው። ቶሎ ካልተደመሰሰ ኃይሉ እንደሚንከባለል የበረዶ ኳስ እየገዘፈ ይሄዳል ብሎ ተጨነቀ።

አልገዘፈም። ታኅሣሥ 9 ቀን ግሬት ብሪጅ በሚባል ቦታ ውጊያ ሆነ፣ የዳንሞር ጦር ተሸነፈ። ከዚያ ሁሉም በመርከብና በጠባብ ሰፈር ተጠጋግተው ሰፈሩ። ፈንጣጣ ገባባቸው። ለነፃነት ብለው በጀልባ ያመለጡ ሰዎች በየቀኑ ሞቱ። በ1776 ክረምት ግዊን የምትባል ደሴት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መቃብር ቀረ። አንዳንዶቹ ሳይቀበሩ ቀሩ። በነሐሴ ዳንሞር ቼሳፒክን ለቆ ሲሄድ ከእሱ ጋር የወጡት ወደ 300 ያህል ነበሩ። የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር ዕድሜው ከአንድ ዓመት ያነሰ ነው።

በዚያ አጭር ጊዜ ግን ብዙ ነገር ተለወጠ። ያመነቱ የነበሩ ነጭ ባለ ርስቶች «እንግሊዝ ባሪያዎቻችንን አስታጠቀችብን» ብለው ወደ አመፁ ገቡ። የነፃነት መግለጫው ላይ ንጉሡ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ «በመካከላችን የውስጥ አመፅ ቀስቅሷል» የሚል ነው። እነዚህ ሰዎች ናቸው ያ የውስጥ አመፅ። ዋሽንግተንም ጥቁር ወታደር አልቀበልም ብሎ የነበረውን በዚያው ታኅሣሥ አለዝቦ ነፃ ጥቁሮች ተመልሰው እንዲመዘገቡ ፈቀደ። በኋላ ሮድ አይላንድ ከ1778 ጀምሮ ባሪያዎችን በነፃነት ተስፋ ለአሜሪካ ጦር መዘገበች። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የተዋጉ ጥቁሮች አሉ። ሁለቱም የሄዱት ነፃነት ይገኝበታል ወዳሉበት ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሃሪ ይባላል። የተወለደው ጋምቢያ ወንዝ አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። ዋሽንግተን በ1763 ገዛው። ማውንት ቬርነን ላይ ፈረስ ይጠብቅ ነበር። በ1771 አንድ ጊዜ ሸሽቶ ነበር፣ ተይዞ ተመለሰ። በ1776 እንደገና ሄደ። በዚህኛው አልተያዘም።

በሚያዝያ 1781 ደግሞ ሳቬጅ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ፖቶማክን ሽቅብ መጥታ ከማውንት ቬርነን ፊት ለፊት ቆመች። 17 ሰዎች ወደ መርከቧ ሄዱ። ለንድ ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ ለመርከበኞቹ ስንቅ ሰጠ። ዋሽንግተን ሲሰማ በጣም ተቆጣ፣ ቤቱ ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር ብሎ ጻፈለት። ከ17ቱ አንዷ ዲቦራ ነበረች። ገና ልጅ ናት፣ 20 ዓመት አልሞላትም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ዮርክታውን ላይ እንግሊዞች ተሸነፉ። እዚያ የሆነውን ስናገር ልቤ ይከብዳል። ምግብ ሲያልቅ ጄኔራል ኮርንዋሊስ በፈንጣጣ የታመሙትን ጥቁሮች ከምሽጉ አስወጣቸው። በሁለቱ ጦሮች መሀል፣ ጫካ ውስጥ ሞቱ። የእንግሊዝን ቃል አምነው የመጡ ናቸው። እንግሊዝ ነፃ አውጪ ነበረች የሚል ሰው ካለ ይህን ይዞ ይናገር።

ሰላም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። ኅዳር 30 ቀን 1782 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያው ስምምነት ሊፈረም ሲል አንድ ሐረግ ተጨመረ። እንግሊዞች ሲወጡ «ጥቁሮችን ወይም ሌላ ንብረት» ይዘው እንዳይሄዱ ይላል። ያስጨመረው ሄንሪ ሎረንስ ነው፣ የደቡብ ካሮላይና ሰው። ከእንግሊዝ በኩል የተቀመጠው ተደራዳሪ ሪቻርድ ኦስዋልድ ነው። ሁለቱ የድሮ ወዳጆች ናቸው። ኦስዋልድ ሴራሊዮን ውስጥ ባንስ ደሴት ላይ የባሪያ ምሽግ ነበረው። ከዚያ የሚላኩትን ሰዎች ቻርልስተን ላይ የሚሸጥለት ሎረንስ ነበር። ሁለት አገሮች ስምንት ዓመት ተዋግተው ሲታረቁ፣ ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ የተቀመጡት የአንድ ንግድ ሸሪኮች ነበሩ። በዚያች ሐረግ ላይ ቶሎ ተግባቡ።

ወሬው ኒው ዮርክ ደረሰ። እንግሊዞች ገና አልወጡም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ያመለጡ ጥቁሮች እዚያ አሉ። ቦስተን ኪንግ የሚባል አናጢ፣ ከደቡብ ካሮላይና ያመለጠ፣ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ጽፏል። የድሮ ጌቶች ከቨርጂኒያና ከካሮላይና እየመጡ ሰዎቻቸውን መንገድ ላይ ይይዙ ነበር፣ ከአልጋቸው ጎትተው የወሰዷቸውም አሉ ይላል። ለቀናት መብላት አቃተን፣ እንቅልፍም ከዓይናችን ጠፋ ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ሆኖ ያደረ ካለ፣ በር ሲንኳኳ ልብ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ያዳናቸው የእንግሊዙ አዛዥ ጋይ ካርልተን ነው። ግንቦት 6 ቀን 1783 ከዋሽንግተን ጋር ተገናኘ። ዋሽንግተን መጀመሪያ ያነሳው ጉዳይ የባሪያዎቹ መመለስ ነው። ካርልተን የተወሰኑት ተሳፍረው ሄደዋል አለው። «ተሳፍረዋል?» አለ ዋሽንግተን በድንጋጤ። ካርልተን ቀጠለ። እኔ ስመጣ ነፃ ሆነው ነው ያገኘኋቸው፣ መንግሥቴ ቃል ገብቶላቸዋል፣ መልሶ መስጠት ውርደት ነው አለ። ካሳ መክፈል ካስፈለገ ግን ስማቸውን ልመዝግብ አለ። በዐዋጅ ያልሆነ ነገር በአንድ ሰው ክብር ሆነ። ይህን ሰው ብዙዎቻችን አናውቀውም፣ ብናውቀው ደስ ይለኛል።

መዝገቡ ዛሬም አለ። 3,000 ሰው ተጽፎበታል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን። በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኮሚሽነሮች አብረው ተቀምጠው አቤቱታ ይሰሙ ነበር። ለጌታቸው የተመለሱም አሉ። ያለፉት መርከብ ገቡ። ዲቦራ አለች፣ 20 ዓመት፣ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለባት፣ የጄኔራል ዋሽንግተን ባሪያ የነበረች። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሃሪ ዋሽንግተን፣ 43 ዓመት፣ ሸጋ ሰው። ቀድሞ የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት፤ ከ7 ዓመት በፊት ጥሎት ሄደ።»

ጥሎት ሄደ። ጸሐፊው ያለ ሐሳብ የጻፈው ይሆናል። እኔ ግን ያችን ቃል እወዳታለሁ።

ይህ የሰው ሒሳብ ሁለቱን መንግሥታት ከ40 ዓመት በላይ አጨቃጭቋል። አሜሪካ በ1794ቱ ውል ላይ ካሳ ጠይቃ አላገኘችም። በ1812 ሲዋጉ ደግሞ ያው ነገር ተደገመ። በነሐሴ 1814 እንግሊዞች ዋሽንግተን ከተማን ሲያቃጥሉ ከእነሱ ጋር ቀይ መለዮ የለበሱ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፣ ከቼሳፒክ እርሻዎች ያመለጡ። የእኛዋ አሌክሳንድሪያ በዚያው ሰሞን ሳትዋጋ እጇን ሰጠች፣ ዱቄቷና ትምባሆዋ በእንግሊዝ መርከብ ተጫነ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ስላመለጡት ባሪያዎች እንግሊዝ በ1826 የ1,204,960 ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ነው። ካሣ የሚገባቸው ሰዎች ከዚያ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም።

ወደ ሃሪ ልመለስ። የተወሰደው ኖቫ ስኮሺያ ነው፣ ካናዳ። በርችታውን በሚባል ሰፈር አሰፈሯቸው። መሬት ይሰጣችኋል ተብለው ነበር። ለብዙዎቹ አልደረሰም፣ የደረሳቸውም ድንጋይ ነው። ብርዱን እናንተ ገምቱት። በ1784 ከሠራዊት የተሰናበቱ ነጮች በርካሽ እየሠራችሁ ሥራችንን ወሰዳችሁ ብለው የጥቁሮቹን ቤት አፈረሱ። ይህ ክስ ዛሬም ይሰማል፣ ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከመካከላቸው ቶማስ ፒተርስ የሚባል ከሰሜን ካሮላይና ያመለጠ ሰው ነበር። የሰዎቹን አቤቱታ ይዞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ለንደን ሄደ። ቢያዝ ተመልሶ ሊሸጥ እንደሚችል እያወቀ ነው የሄደው። ተሳካለት። የሴራሊዮን ኩባንያ አፍሪካ ውስጥ መሬት እንስጣችሁ አለ። ጆን ክላርክሰን የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን በመርከብ ሊያሳፍራቸው መጣ፣ በየስብሰባውም ጠየቁት። መሬቱ ኪራይ ይከፈልበታል ወይ? አይከፈልበትም አላቸው። በጥር 1792 በ15 መርከብ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች ከሃሊፋክስ ተነሱ። ሃሪ ዋሽንግተንም አብሮ ነበር። ፍሪታውንን የቆረቆሩት እነሱ ናቸው። የደረሱበት ወንዝ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የባንስ ደሴት የባሪያ ምሽግ ያን ጊዜም ይሠራ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኩባንያው ለመሬታችሁ ኪራይ ክፈሉ አላቸው። «ክላርክሰን እንደዚያ አላለንም» አሉ። አገረ ገዥውን የሚሾመው ለንደን ነው፣ እነሱን የጠየቀ የለም። መክፈል እምቢ አሉ። የራሳቸውን ሰዎች መረጡ። በመስከረም 1800 ራሳቸው ሕግ ጽፈው የአንድ ሰው ቤት ላይ ለጠፉ። ሕጉ የአገረ ገዥው ሥልጣን በኩባንያው ጉዳይ ብቻ ይወሰናል ይላል።

እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ጆሮዬ ላይ ቦስተን ይመጣብኛል። ሳንጠየቅ ግብር አንከፍልም። ሕጋችንን እኛ እናውጣ። ያው ክርክር ነው፣ ከዚያው ከእንግሊዝ ጋር። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች በባርነት የያዙት ሌላ ሰው አልነበረም።

ኩባንያው የጠራው ርዳታ በሰዓቱ ደረሰ። ማሩን የሚባሉ፣ መነሻቸው ጃማይካ የሆነ፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ዝርያዎችን የያዘች መርከብና ወታደሮች ደረሱ። አመፁ በጥቂት ቀን ተሰበረ። ሁለት ሰው ተሰቀለ። ሌሎቹ ለፍርድ ቀረቡ። ከተከሳሾቹ መካከል ሃሪ ዋሽንግተን ነበር። የድሮ ጌታው ጆርጅ ዋሽንግተን የአዲስ አገር አባት ተብሎ በክብር ከተቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም።

በሃሪ ላይ የተፈረደው ግዞት ነው። ከፍሪታውን ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ቡሎም ወደሚባል ዳርቻ ተላከ። ዕድሜው 60 ገደማ ደርሶ ነበር። ከሌሎቹ ግዞተኞች ጋር ተሻገረ፣ እነሱም ከመሪዎቻቸው አንዱ አደረጉት።